ሦስቱ የአውግስጦስ ቄሣር ማኅተሞች

የአውግስጦስ ቄሣርን ስም ያልሰማ የአገራችን ሰው ጥቂት ነው። በልደት በዓል በሚነበበው የሉቃስ ወንጌል፤ ዓለሙ ሁሉ ይቈጠር ዘንድ ትእዛዝ ያወጣው ንጉሥ እርሱ መሆኑን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንሰማ ኖረናል። ነገር ግን ስሙን ከመስማት አልፈን፤ ይህ ሰው ማን እንደ ነበረ፤ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ፤ ትእዛዙስ ባሕር ተሻግሮ እስከ ሶርያና እስከ ግብጽ ሲደርስ በእውነት የእርሱ መሆኑ በምን ይታወቅ እንደ ነበረ የጠየቅን ብዙዎች አይደለንም። ስለዚህ የትምህርት ቤታችን በዓል መታሰቢያ የሆነው ይህ መጽሔት ሲዘጋጅ፤ እኛ የታሪክ ክፍል ተማሪዎች የዚህን ሰው ሕይወት በማኅተሙና በገንዘቡ በኩል ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ አሰብን።

ለዚህ አሳብ ያነሣሣን ነገር ትንሽ ነው። ባለፈው ዓመት ትምህርታቸውን የፈጸሙ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የምስክር ወረቀታቸውን ለመቀበል በጽሕፈት ቤቱ በር ተሰልፈው ሳሉ፤ ወረቀቱ ተጽፎ፤ ፊርማውም ተፈርሞ፤ ማኅተሙ ግን ገና ስላልተመታበት ማንም ይዞ እንዲሄድ አልተፈቀደለትም ነበር። ያን ጊዜ ከመካከላችን አንዱ የዐሥራ ሁለት ዓመት ድካም በዚያች ክብ ማኅተም ላይ ተንጠልጥሎ መቅረቱን አይቶ ተገረመ። ነገሩ ወደ ክርክር፤ ክርክሩም ወደ መጻሕፍት ቤት መራን።

በመጀመሪያ ግን የማኅተምን ሥራ በእጃችን ሞከርን። በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ የትምህርት ቤታችንን ስም የመጀመሪያ ፊደሎች በአንድ የልብስ ሳሙና ላይ በቢላዋ ቀረጽንና በቀለጠ የሻማ ሰም ላይ ብንጫነው፤ ፊደሎቹ ሁሉ ፊታቸውን አዙረው ወጡ። ጐድጓዳ ያደረግነው ጕብታ፤ በቀኝ የነበረው በግራ ሆነ። ማኅተም ቀራጭ የሚሠራውን ነገር ሁሉ ተገልብጦ ማየት እንዳለበት የገባን በዚያን ጊዜ ነው። እኛ የቈረጥነው ደግሞ ሳሙና ነበረ፤ የሮማ ጠቢባን ግን ይህንኑ ሥራ ይሠሩ የነበረው ተራ ብረት በማይጭረው ድንጋይ ላይ ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አውግስጦስ የተወለደው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ63 ዓመት መስከረም 23 ቀን በሮማ ከተማ ነው። የመጀመሪያ ስሙ ጋይዮስ ኦክታቪዮስ ይባል ነበር። የአባቱ ወገኖች ከሮማ በስተ ደቡብ ከምትገኘው ከቬሌትሪ የመጡ ባለጠጎች እንጂ ከጥንት መሳፍንት የሚቈጠሩ አልነበሩም። አባቱ በመቄዶንያ አገረ ገዥ ሆኖ ሠርቶ ሲመለስ ሞተ፤ ልጁም በአራት ዓመቱ አባት አልባ ሆነ። እናቱ አትያ ግን የታላቁ የዮልዮስ ቄሣር እኅት ልጅ ነበረች። ልጁ ሰውነቱ ደካማ፤ በየጊዜው የሚታመም፤ ብርድ የማይችል ነበረ። ይህን ልጅ አይቶ አንድ ቀን የዓለም ገዥ ይሆናል ብሎ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል።

ከእናቱ ቀለበቶች መካከል ሁለት ፍጹም የሚመሳሰሉ የማኅተም ድንጋዮች አገኘ። በሁለቱም ላይ የተቀረጸው የስፊንክስ መልክ ነበረ። ስፊንክስ በግሪኮች ተረት ራሷ የሴት፤ አካሏ የአንበሳ፤ ክንፍ ያላት ፍጥረት ስትሆን፤ መንገደኛውን ሁሉ እንቈቅልሽ እየጠየቀች መፍታት ያቃተውን ትገድል ነበር ይባላል። የመጀመሪያው የአውግስጦስ ማኅተም ይህ ነው።

በዚያ ዘመን ማኅተም ምን ያህል ክብደት እንደ ነበረው ማስረዳት ያስፈልጋል። ደብዳቤ የሚጻፈው ሰም በተቀባ ሰሌዳ ወይም በፓፒሩስ ላይ ነበረ። ከተጻፈ በኋላ ተጠቅልሎ በክር ይታሰራል፤ በቋጠሮው ላይ ሰም ወይም ጭቃ ይደረግና ባለቤቱ ቀለበቱን ይጫንበታል። ብዙውን ጊዜ ደብዳቤውን የሚጽፈው ጸሐፊ ስለ ሆነ፤ የጌታውን ቃል ከሌላ ሰው ቃል የሚለየው የእጅ ጽሑፉ ሳይሆን የቀለበቱ ምልክት ነው። ኑዛዜም፤ ውልም፤ የጦር ትእዛዝም እንዲሁ ነበረ። የነገሥታቶቻችንን ደብዳቤዎች ያየ ሰው፤ በራስጌያቸው የሚመታውን ባለ አንበሳ ማኅተም አስታውሶ ይህን ነገር በቀላሉ ይረዳዋል።

የማኅተሙን ድንጋይ ይቀርጹ የነበሩት ሰዎች ሥራ እጅግ አስደናቂ ነው። የሚመርጡት ድንጋይ በአብዛኛው ሰርድዮን፤ ሰርዶንክስ፤ ኢያስጲድ ወይም አሜቴስጢኖስ ነበረ፤ እነዚህም በራእየ ዮሐንስ ስማቸውን የምናነባቸው ድንጋዮች ናቸው። ጠንካሮች ስለ ሆኑ በብረት ጫፍ ብቻ አይቀረጹም። ስለዚህ ጠቢቡ ጫፉ ድቡልቡል ወይም እንደ ትንሽ መንኰራኵር ክብ የሆነ ቀጭን መሰርሰሪያ ይይዝና በደጋን ገመድ ወዲያና ወዲህ ያሽከረክረዋል። በመሰርሰሪያው ጫፍና በድንጋዩ መካከል ከናክሶስ ደሴት የሚመጣ የጠንካራ ድንጋይ ዱቄት በዘይት ተለውሶ ይጨመራል። እንግዲህ ድንጋዩን የሚበላው ብረቱ ሳይሆን ዱቄቱ ነው፤ ብረቱ የሚያገለግለው ዱቄቱን ለመግፋት ብቻ ነው። ለጥቃቅኑ መሥመር ደግሞ በብረት እጀታ የተተከለ የአልማዝ ስብርባሪ ይጠቀሙ ነበር።

ሥራው በሚሠራበት ጊዜ ዘይትና ዱቄት ድንጋዩን ስለሚሸፍኑት ቀራጩ በአብዛኛው የሚሄደው በእጁ ስሜት ነው። ጥቂት ከሠራ በኋላ ድንጋዩን ጠርጎ በሰም ላይ ይጫነዋል፤ ፊቱ እንዴት እንደ ወጣ ያያል፤ እንደ ገና ይቀጥላል። አንድ ጊዜ አብዝቶ የቈፈረውን መልሶ መሙላት አይችልም። ፕሊንዮስ የተባለው የሮማ ሊቅ እንደ ጻፈው፤ እነዚህ ጠቢባን ዓይናቸው ሲደክም አረንጓዴውን የመረግድ ድንጋይ እያዩ ያሳርፉት ነበር። ይህ ሁሉ ድካም የሚውለው ከአውራ ጣት ጥፍር በማይበልጥ ስፍራ ላይ ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት መጋቢት 15 ቀን ዮልዮስ ቄሣር በሸንጎው መካከል በጩቤ ተወግቶ ሞተ። በዚያን ጊዜ ኦክታቪዮስ የ18 ዓመት ወጣት ሆኖ ከአድርያቲክ ባሕር ማዶ በአፖሎንያ ትምህርቱን ይከታተል ነበር። ኑዛዜው በተከፈተ ጊዜ ቄሣር ልጁና ወራሹ አድርጎ እንደ መረጠው ታወቀ። የእንጀራ አባቱ ውርሱ አደገኛ ስለ ሆነ እንዲተወው መከረው። እርሱ ግን ምክሩን አልተቀበለም፤ ወደ ሮማ ገብቶ የቄሣርን ስም ወሰደ። የታሪክ ጸሐፊዎች ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ኦክታቪያኖስ ይሉታል።

በሰው ሁሉ እጅ የሚደርስ ጋዜጣ ባልነበረበት በዚያ ዘመን የገዥን መልክና አሳብ ወደ ሕዝብ የሚያደርሰው ገንዘብ ነበረ። ዮልዮስ ቄሣር ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ መልኩን በገንዘብ ላይ አስቀርጾ ነበር፤ በሮማ ከተማ በሕይወቱ ሳለ እንዲህ የተደረገለት የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው። ከገዳዮቹ አንዱ ብሩቱስ ደግሞ በአንድ ወገን የራሱን መልክ፤ በሌላው ወገን ሁለት ጩቤና የነጻነት ቆብ አስቀርጾ የግድያውን ዕለት በገንዘብ አወጀ። ኦክታቪያኖስም በበኩሉ የሐዘን ጢም ያበቀለ ወጣት ሆኖ በገንዘቡ ላይ ታየ፤ ሮማውያን ዮልዮስ ቄሣርን ከአማልክት ስለ ቈጠሩት፤ ራሱን የአምላክ ልጅ ብሎ አስጻፈ። ቄሣር በሞተበት ዓመት በሰማይ የታየውን ጅራታም ኮከብ ሕዝቡ የቄሣር ነፍስ ናት ብሎ ስላመነ፤ ያችም ኮከብ ከጊዜ በኋላ በገንዘብ ላይ ተቀረጸች። እንግዲህ ጦርነቱ የተካሄደው በሰይፍ ብቻ ሳይሆን በገንዘብ ቀራጮችም እጅ ነበረ ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ገንዘቡ የማይናገረው ነገር አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ43 ዓመት ኦክታቪያኖስ ከማርቆስ አንቶኒዮስና ከሌፒዶስ ጋር ተስማምቶ ሥልጣኑን ለሦስት ተካፈሉ። ወዲያውም እንዲገደሉ የሚፈልጓቸውን ሰዎች ስም በሰሌዳ ጽፈው በአደባባይ ሰቀሉ። ለወጣቱ ኦክታቪያኖስ በሸንጎው ፊት ብዙ የተናገረለት ታላቁ ተናጋሪ ኪኬሮ በዚያ መዝገብ ገባና ታኅሣሥ 7 ቀን ተገደለ፤ ራሱና እጁም ተቈርጦ ይናገርበት በነበረው አደባባይ ታየ። ኦክታቪያኖስ ያን ጊዜ ገና 20 ዓመቱ ነበረ፤ ከእኛ ከብዙዎቻችን የሚበልጠው በሁለትና በሦስት ዓመት ብቻ ነው። ይህን ባነበብን ጊዜ በመካከላችን ብርቱ ክርክር ተነሣ። አንዳንዶቻችን ያመጣውን ረጅም ሰላም ቈጥረን ታላቅ ሰው ነው ስንል፤ ሌሎቻችን ግን በዚህ ደም የተጀመረ መንግሥት ምን ሰላም ቢያመጣ አይጠራም አልን።

በ42 ዓመት የቄሣር ገዳዮች በፊልጵስዩስ ጦርነት ተሸነፉ። ከዚያ በኋላ የምሥራቁን አገር አንቶኒዮስ፤ የምዕራቡን ኦክታቪያኖስ ያዘ። ኦክታቪያኖስ ለጦርነት ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ ሁለቱ የስፊንክስ ማኅተሞች ጥቅማቸው ታየ። አንደኛውን እርሱ ይዞ ይሄዳል፤ ሁለተኛውን በሮማ ለሚቀሩት ለታመኑ ወዳጆቹ ለአግሪጳና ለሜኬናስ ይተወዋል። ከዚህም አልፎ፤ ለሸንጎው የሚልከውን ደብዳቤ እነርሱ አስቀድመው ከፍተው እንዲያነቡት፤ የሚለወጥ ነገር ቢያገኙም ለውጠው እንደ ገና እንዲያትሙት ፈቀደላቸው። ሸንጎው የሚያየው ያልተነካ ማኅተም ነው፤ ቃሉ ግን በመንገድ ላይ ተለውጦ ይሆናል። ሜኬናስ የራሱ ማኅተም እንቁራሪት ነበረ፤ ይህም እንቁራሪት የታተመበት ደብዳቤ የግብር መዋጮ ስለሚያስከትል ሲመጣ ሕዝቡ ይደነግጥ ነበር ይባላል። በስፊንክሱም ሕዝቡ ይቀልድበት ጀመር፤ እንቈቅልሽ ጠያቂዋ ስፊንክስ እንቈቅልሽ ይዛ መጣች እያለ ይሥቅ ነበር። ቀልዱ ግን እውነት ነበረበት፤ ምክንያቱም በዚያ ዘመን ኦክታቪያኖስ ምን እንደሚያስብ ማንም አያውቅም ነበርና።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ31 ዓመት መስከረም 2 ቀን በአክቲዩም የባሕር ጦርነት የኦክታቪያኖስ መርከቦች በአግሪጳ መሪነት አንቶኒዮስንና የግብጽን ንግሥት ክሌዎፓትራን ድል ነሡ። በማግሥቱ ዓመት እስክንድርያ ተያዘች፤ አንቶኒዮስና ክሌዎፓትራም በገዛ እጃቸው ሞቱ። ግብጽ የሮማ ግዛት ሆነች። ይህንንም ድል ለማስታወቅ በአንድ ወገን የኦክታቪያኖስ መልክ፤ በሌላው ወገን አዞና የግብጽን መያዝ የሚገልጽ ጽሑፍ ያለበት የብር ገንዘብ ተመታ። አዞ በትንሽ ብር ላይ ተቀርጾ፤ ፊደል የማያነበው ገበሬ እንኳ ነገሩን በዓይኑ ብቻ እንዲረዳው ሆነ።

ኦክታቪያኖስ በእስክንድርያ ሳለ የታላቁን እስክንድርን አስከሬን ከመቃብሩ አስወጥቶ አየ፤ የወርቅ አክሊል አኖረበት፤ አበባም በተነበት። የሌሎቹን የግብጽ ነገሥታት መቃብር እንዲያይ ቢጠይቁት ግን እምቢ አለ። እስክንድር የሞተው በ32 ዓመቱ ነው፤ ኦክታቪያኖስም በዚያን ቀን የነበረው ዕድሜ ያው 32 ነበረ። ያ የሞተው ወጣት ዓለምን ድል አድርጎ ነበር፤ ነገር ግን መንግሥቱ ከእርሱ በኋላ አልጸናም። ለሕያው ወጣት የቀረው ሥራ የያዘውን ማጽናት ነበረ። ኦክታቪያኖስ በኋላ የተቀለደበትን ስፊንክስ ትቶ የእስክንድር መልክ በተቀረጸበት ድንጋይ ማተም ጀመረ። ይህ ሁለተኛው ማኅተም ነው። እስክንድር በሕይወቱ ሳለ መልኩን በከበረ ድንጋይ ላይ እንዲቀርጽ የፈቀደው ለፒርጎቴሌስ ብቻ እንደ ነበረ ፕሊንዮስ ይተርካል።

በ27 ዓመት ጥር 16 ቀን ሸንጎው አውግስጦስ የሚል የክብር ስም ሰጠው። ንጉሥ ተብሎ መጠራትን ሮማውያን ስለሚጠሉ እርሱም ያን ስም አልፈለገም፤ ነገር ግን ጦሩም፤ ገንዘቡም፤ አገሩም በእጁ ነበረ።

በእርሱ ዘመን ገንዘብ እንዴት ይሠራ እንደ ነበረ ማወቅ ይጠቅማል። ቀራጩ ሁለት የገንዘብ መምቻ ማኅተሞችን ከጠንካራ ነሐስ ወይም ከብረት ያበጃል፤ በእነርሱም ላይ መልኩንና ጽሑፉን ልክ እንደ ቀለበት ድንጋይ ገልብጦ ወደ ውስጥ ይቀርጻል። አንደኛው ማኅተም በመስፍ ላይ ይተከላል፤ በእርሱ ላይ በልክ የተመዘነ የብር ወይም የወርቅ ቍራጭ ብዙውን ጊዜ በእሳት ሞቆ በጉጠት ይቀመጣል፤ ሁለተኛው ማኅተም ከላይ ይያዝና በከባድ መዶሻ ይመታል። በአንድ ምት ሁለቱም ወገን ይወጣል። የመዶሻውን ኀይል በቀጥታ የሚቀበለው የላይኛው ስለ ሆነ ቶሎ ይሰነጠቃል፤ በመስፍ ላይ ያለው ግን ይቈያል። ከአንድ ማኅተም ብዙ ሺህ ገንዘብ ይመታ ነበር። እያንዳንዱ ማኅተም በእጅ የተቀረጸ ስለ ሆነ፤ ሊቃውንት ከሁለት ሩቅ አገሮች የተገኙ ሁለት ገንዘቦችን አስተያይተው ከአንድ ማኅተም የወጡ መሆናቸውን ለማወቅ ይችላሉ።

ዲናር የሚባለው የብር ገንዘብ ከአንድ የሮማ ነጥር ብር 84 ሆኖ ይመታ ነበር፤ የአንዱም ክብደት 4 ግራም ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። 25 ዲናር አንድ የወርቅ ገንዘብ ነው። ለወታደር በዓመት የሚከፈለው 225 ዲናር ነበረ። አውግስጦስ ለትንሹ ሰው የሚያገለግለውን የመዳብና የናስ ገንዘብ እንደ ገና አደራጀ፤ በ15 ዓመት ደግሞ ዛሬ ሊዮን በምትባለው በፈረንሳይ አገር ከተማ ትልቅ የወርቅና የብር መምቻ አቆመ። የተወለደበትን የኮከብ ቈጠራ ምልክት፤ ይኸውም ጀዲን፤ በብር ገንዘብ ላይ አስቀረጸ።

የማኅተሙን ክብደት ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየን በ23 ዓመት የሆነው ነገር ነው። አውግስጦስ እጅግ ታመመ፤ የሚድንም አልመሰለም። ሹማምንቱ በአልጋው ዙሪያ ተሰብስበው ወራሹን ይሰይማል ብለው ሲጠብቁ፤ እርሱ ማንንም በስም አልጠራም። የጦሩንና የመንግሥቱን ገቢ መዝገብ ለሥራ ባልደረባው ለቆንስሉ ለፒሶ ሰጠው፤ ቀለበቱን ግን ከጣቱ አውልቆ በአግሪጳ እጅ አኖረው። ሁሉም ነገሩን ተረዱት። አንቶኒዮስ ሙሳ የተባለ ሐኪም በቀዝቃዛ ውሃ አጥቦ፤ ቀዝቃዛ መጠጥም አጠጥቶ አዳነውና ቀለበቱ ወደ ባለቤቱ ተመለሰ። አግሪጳ በዚያች ቀን ሊያደርግ ይችል የነበረውን ክፉ ነገር አለማድረጉ፤ ለእኛ ከአክቲዩም ድል የማያንስ ሆኖ ታይቶናል። የታተመ ነገር የሚታመነው ማኅተሙን የያዘው ሰው የታመነ ሲሆን ነውና።

በ20 ዓመት የጳርቴ ንጉሥ ከ33 ዓመት በፊት ከሮማ ጦር የማረካቸውን ዓላማዎች ያለ ጦርነት በስምምነት መለሰ። በገንዘቡ ላይ ግን አንድ የጳርቴ ሰው ተንበርክኮ ዓላማውን ሲያስረክብ ተቀርጾ ይታያል። በንግግር የተገኘው ነገር በመምቻው ማኅተም የጦር ድል መሰለ። የጥንት ገንዘብ የሚመረምር ሰው ይህን ማስታወስ አለበት፤ ገንዘብ የሚነግረን ገዥው እንድናምን የፈለገውን ነው።

በመጨረሻ አውግስጦስ የእስክንድርንም መልክ ትቶ የራሱን መልክ ማኅተም አደረገ። ይህን ሦስተኛ ማኅተም የቀረጸው ዲዮስቆሪዴስ የተባለ የግሪክ ጠቢብ ሲሆን፤ በዘመኑ ከእርሱ የሚበልጥ አልነበረም። ልጆቹም የአባታቸውን ሙያ ተምረው፤ በሥራዎቻቸው ላይ ከስማቸው ቀጥሎ የዲዮስቆሪዴስ ልጆች መሆናቸውን በኵራት ይጽፉ ነበር። በቪየና ቤተ መዘክር የሚገኘው 19 በ23 ሳንቲ ሜትር የሆነው ታላቅ የሰርዶንክስ ቅርጽ የዚያን ዘመን ጥበብ ያሳየናል። በዚህ ሥራ ቀራጩ የድንጋዩን ነጭ ድርብ ለሰዎቹ መልክ፤ ጥቍሩን ድርብ ለመደቡ ትቶ፤ አውግስጦስን በዙፋን ተቀምጦ፤ ጀዲንም ከራሱ በላይ አድርጎ ቀርጾታል።

አውግስጦስ ራሱ በዚህ ነገር ጠንቃቃና አዋቂ ነበረ። በሚልካቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ላይ የተጻፉበትን ሰዓት፤ ቀንም ሌሊትም ቢሆን፤ ያስጽፍ ነበር። በበዓል ቀንም ለወዳጆቹ ከሚሰጣቸው ስጦታዎች መካከል የጥንት ነገሥታትና የባዕድ አገር ገንዘቦች ይገኙ ነበር።

ነገር ግን በድንጋይና በብር የተቀረጸው ሁሉ እንደ ታሰበው አልሆነም። የልጁን የዩልያን ልጆች ጋይዮስንና ሉኪዮስን ወራሾች ሊያደርጋቸው አስቦ፤ ጋሻና ጦር ይዘው ቆመው በገንዘብ ላይ አስቀረጻቸው። ያ ገንዘብ እስከ ሕንድ አገር ደረሰ። ሉኪዮስ ግን ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ2 ዓ.ም.፤ ጋይዮስ በ4 ዓ.ም. በወጣትነታቸው ሞቱ። ዩልያንም አስቀድሞ በጠባይዋ ምክንያት ራሱ ወደ ደሴት አግዟት ነበር። ገንዘቡ በዓለም ሲዞር ልጆቹ በመቃብር ነበሩ። በ9 ዓ.ም. ደግሞ በጀርመን ጫካ ሦስት ክፍለ ጦሮች ከአዛዣቸው ከቫሩስ ጋር አለቁ። በካልክሪዜ በ1987 ዓ.ም. በተጀመረው ፍለጋ፤ የቫሩስ ስም ምልክት በላያቸው የተመታ የመዳብ ገንዘቦች ተገኝተው፤ የጦርነቱ ስፍራ ያ መሆኑን ለማስረዳት ረድተዋል።

በጎረቤታችን በሱዳን የሆነውም መነገር ይገባዋል። የመርዌ ሰዎች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ25 ዓመት ገደማ የግብጽን ደቡብ ወርረው የአውግስጦስን ሐውልቶች ጣሉ። አንዱን የነሐስ ራስ ወስደው፤ የሚገባና የሚወጣ ሁሉ እንዲረግጠው በቤተ መቅደስ ደረጃ ሥር ቀበሩት። በ1910 ዓ.ም. ተቈፍሮ ወጥቶ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። መልክ ኀይል እንደ ነበረ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

አውግስጦስ በ14 ዓ.ም. ነሐሴ 19 ቀን በኖላ፤ አባቱ በሞተበት ክፍል ውስጥ አረፈ። 76ኛ ዓመቱን ሊሞላ አንድ ወር ያህል ቀርቶት ነበር። በገንዘቡ ላይ ግን እስከ መጨረሻው ወጣት ሆኖ ቀረ፤ አንድም የሽምግልና መሥመር በፊቱ ላይ አልተቀረጸም። ዲዮስቆሪዴስ የቀረጸውን መልክ ከእርሱ በኋላ የነገሡት ቄሣሮች ማኅተማቸው አድርገው ያዙት፤ ጋልባ ብቻ የአያቶቹን ማኅተም፤ ከመርከብ አፍንጫ ላይ ሆኖ የሚመለከት ውሻን፤ መረጠ።

ይህ ጥበብ ወደ አገራችንም መጥቷል። በሦስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የአክሱም ንጉሥ እንዱቢስ በወርቅና በብር ገንዘብ አስመታ፤ ጽሑፉም በግሪክ ቋንቋ ነበረ። ይሁን እንጂ የአክሱም ቀራጮች የሮማን መልክ አልገለበጡም፤ ንጉሣቸውን በሁለት የእህል ዛላ መካከል አድርገው ቀረጹት። ንጉሥ ኢዛናም ክርስትናን በተቀበለ ጊዜ የጨረቃውን ምልክት አንሥቶ መስቀልን አኖረ።

ከዚህ ጽሑፍ በኋላም ክርክራችን ፈጽሞ አልቈመም። በአንድ ነገር ግን ሁላችንም ተስማማን። አውግስጦስ በመጀመሪያ እንቈቅልሽ፤ ቀጥሎ የሌላ ሰው ጥላ፤ በመጨረሻም ራሱን ሆነ፤ ወደ ሦስተኛው ማኅተም ለመድረስ ግን በኪኬሮ ደም ላይ አልፏል። የሚያምረውን መልክ ዲዮስቆሪዴስ ቀረጸለት፤ ሥራውን ግን ራሱ ቀረጸ፤ እርሱን ደግሞ ማንም ጠቢብ ሊያለሳልስለት አልቻለም። የዘንድሮ ተመራቂዎች ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፤ የትምህርት ቤታችን ማኅተም በወረቀታችሁ ላይ ሲመታ ቃል የሚገባው ስለ እናንተ ነው። ማኅተሙ እውነተኛ ሆኖ እንዲኖር የማድረጉ ፈንታ ግን ከዚያች ቀን በኋላ የእናንተ፤ ነገም የእኛ ነው።